ሲቪክ ኤስአይ ላይ ቱን ከማስገባትህ በፊት ስለ ፍሪሲዮኑ ልንገርህ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ያገለገለ 2019 ሲቪክ ኤስአይ ገዝተሃል፣ እዚህ ቨርጂኒያ ከዉድብሪጅ አሌክሳንድሪያ በየቀኑ ሥራ ትመላለስበታለህ። ቱን (የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ቀይሮ ጉልበት መጨመር)፣ ድምፃም ማርሚታና መኪናውን ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ላስገባ ነው፣ ከዚያ በኋላ መኪናው ለኑሮ ይሆናል ወይ ብለሃል። የኔ 2018 ነው። የምነዳውም ያንኑ መንገድ ነው። ሦስቱንም አስገብቻለሁ፣ ሁለቱን መልሼ አውልቄያለሁ።

ከቱኑ ልጀምር። በትንሽ ገንዘብ ብዙ ጉልበት የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደዚያ ነው። ሆንዳታ ወይም ኬቱነር የሚባለውን ዕቃ ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ትሰካለህ፣ ትንሽ ትጠብቃለህ፣ አለቀ። መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል። ከፋብሪካ ሲወጣ 205 የፈረስ ጉልበት ነው ያለው፤ ዋናው ነገር ግን ቶርኩ፣ ማለትም የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል፣ ነው። ትንሽ ቱርቦ ስለሆነ ገና በደቂቃ 2,100 ዙር ላይ ሙሉውን 192 ፓውንድ ፉት ይሰጥሃል። ቱኑም አብዝቶ የሚጨምረው እዚያው ታች ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እንደ ሕፃን ነው የፈነጠዝኩት። ዳቦ ልግዛ ብዬ ወጥቼ አንድ ሰዓት ቆይቼ የምመለስበት ቀን ነበር።

ሦስተኛው ወር ላይ፣ አንድ ማታ ከስፕሪንግፊልድ ወደ ቤት እየመጣሁ ሀይዌይ 95 ላይ መንገዱ ተከፈተልኝ። አምስተኛ ማርሽ ላይ ነበርኩ። ማርሽ ሳልቀንስ ረገጥኩት። የዙሩ ቀስት ከ3,000 ተነስቶ 4,500 ገባ፣ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ጆሮዬ እየበረርክ ነው ይለኛል፣ ወንበሩ ግን ጀርባዬን አልገፋኝም። ከዚያ ሽታው መጣ። ቁልቁለት የጨረሰ የጭነት መኪና ፍሬን የሚሸተውን ታውቃለህ? እሱን ነው። ፍሪሲዮኑ አልይዝ ብሏል።

የፍሪሲዮኑ ሸራ ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ ብረት) ላይ ተጭኖ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በፍትጊያ ብቻ ነው። ተጭኖ የሚይዘው ኃይል ደግሞ ልክ አለው። በዚህ መኪና ላይ ፋብሪካው የተወልን ትርፍ ትንሽ ነው፤ ቱን ያደረገ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የሚያማርረው ይህንኑ ነው። አንዴ ከተንሸራተተ ሸራው ይግላል፣ ፊቱ ልሙጥ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ጊዜ በትንሽ ጉልበትም ይሸሻል። ጠንከር ያለ ፍሪሲዮን ከነቮላኖው አስገባሁ፦ ዕቃው 1,100 ዶላር፣ የእጅ ዋጋ 900። እና የቱኑን ዋጋ ስታሰላ ይቺን 2,000 ከጎኑ ጻፋት።

አሁን ወደ “ለኑሮ ይሆናል ወይ” ልምጣ። አዲሱ ፍሪሲዮን ይይዛል፣ ጉድ ነው የሚይዘው። ግን ፔዳሉ ከበደ። ኦኮኳን ወንዝ ጋ ሲደርስ ያ መንገድ እንዴት እንደሚጨናነቅ ራስህ ታውቀዋለህ። አርብ ማታ አርባ ደቂቃ ረግጦ መልቀቅ፣ ረግጦ መልቀቅ። የግራ እግሬ ጡንቻ ከቀኙ ሳይበልጥ አይቀርም። ድምፅም አለ። የፋብሪካው ቮላኖ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ መሃሉ ላይ ያሉት ሞላዎች የሞተሩን መንቀጥቀጥ ይውጡታል። እኔ ያስገባሁት ቀላሉ ግን አንድ ወጥ ብረት ነው። መብራት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጌ ፔዳሉን ስለቅ ካምቢዮው ብረት ምጣድ ላይ እንደሚቆላ ሽንብራ ይንኳኳል። ስረግጠው ዝም። እናቴ ለጉብኝት መጥታ አንድ ቀን አብረን ስንሄድ ትንሽ አዳመጠችና “ልጄ፣ ይሄ ነገር ሊፈርስ ነው እንዴ?” አለችኝ። ጤነኛ ነው ብዬ ባስረዳም አላመነችም። እስክትመለስ በባለቤቴ መኪና ነው የሄደችው።

ማርሚታው? 65 ማይል ላይ ስትረጋጋ ጭንቅላትህ ውስጥ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። ዩቲዩብ ላይ አይሰማም፣ እዚያ የሚያሳዩህ ሲረገጥ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጽጃውን) ቶሎ ለማሞቅ ዙሩን ከፍ ያደርጋል። እሑድ ሌሊት 10 ሰዓት ለኪዳን ስነሳ መንደሩን ሁሉ አብሬ ነበር የምቀሰቅሰው። ጎረቤቴ በትሕትና ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሳብኝ አወለቅኩት።

ሞላው ላይ ብዙ አልልም። ከፋብሪካው የመጣው ሰስፔንሽን ጥሩ ነው፣ ተወው። እኔ የአፓርታማዬን መግቢያ በሰያፍ ካልገባሁ ሆዱ ይፋጭ ነበር፣ ጎማውንም በውስጥ በኩል በላብኝ።

ቱን ካደረግክ ግን እነዚህን ልመድ። ስድስተኛ ማርሽ ላይ በ2,000 ዙር እየሄድክ እስከ ታች አትርገጥ፣ መጀመሪያ ማርሽ ቀንስ። ለፍሪሲዮኑ ብቻ ብዬ አይደለም። እንደዚህ ያሉ ትንንሽ ቱርቦ ሞተሮች ዝቅተኛ ዙር ላይ ሲጨነቁ ነዳጁ ካንዴላው ሳይተኩስ ቀድሞ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ፒስተን የሚሰብረው እሱ ነው። ይህንን ለመቀነስ የተሠራው ዘይት ጠርሙሱ ላይ ኤፒአይ ኤስፒ (API SP) የሚል ምልክት አለበት። ቤንዚኑ ሁሌም 93 ይሁን። ገንዘብ ከተረፈህ ተለቅ ያለ ኢንተርኩለር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ግዛ፤ ድምፅ የለው፣ ንዝረት የለው፣ በሐምሌ ሙቀት ዋጋውን ይከፍልሃል።

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን እንዳትነካ። ማውጣቱ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፣ እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ኢሚሽን (የጭስ ምርመራ) አለብን። ቱኑን ስትጭን የመኪናው ኮምፒውተር የሠራቸው ምርመራዎች ይሰረዛሉ። በማግስቱ ለኢሚሽን ብትሄድ “አልተዘጋጀም” ብሎ ይመልስሃል። እኔን መልሶኛል። ጥቂት ቀን ከተማም ሀይዌይም ንዳበት፣ ከዚያ ሂድ። ዋራንቲውን እርሳው፤ የሞተርና የካምቢዮው 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነበር፣ ባንተ መኪና ላይ አልፎበታል። የሚሰበረው ሁሉ ከኪስህ ነው።

ምንም ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። የሸጠልህ ሰው ቱን አድርጎበት ኖሮ መልሶት ሊሆን ይችላል። ባዶ መንገድ ላይ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ፣ አራተኛ ማርሽ ላይ ከ2,500 ዙር ጀምረህ ርገጠው። ዙሩ ከፍጥነቱ ቀድሞ ከዘለለ ፍሪሲዮኑ ሳትነካውም አልቋል ማለት ነው፣ ገንዘብህን ወደዚያ አዙር። ካልዘለለ ቱኑን ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አድርገህ ጀምር። ያየኸውን እዚሁ ጻፍልን።

ማርሚታው ቤዝመንቴ ውስጥ አለ። ባለቤትህ ከፈቀደች በግማሽ ዋጋ እሰጥሃለሁ።