ስሙ የተሳሳተው የዪ ምልክት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ዪ ፊደል ላነሳኋት አንዲት ነገር ብዙ ጥያቄ ስለመጣ እዚሁ ልመልስ። ነገሩ ይህ ነው፦ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥርና ስም በሚሰጠው ዝርዝር ውስጥ፣ «ዪ ሲላብል ዉ» የሚባል ምልክት አለ። ሲላብል ማለት ቀለም ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚባል የቃል ክፍል። «ዉ» ተብሎ ግን አይነበብም።

ጥ፦ ዪ የማን ፊደል ነው?

በደቡብ ምዕራብ ቻይና የሚኖሩ የዪ ሕዝቦች ነው። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ያለው በሲቹዋን፣ በሊያንግሻን የሚጻፈው ነው። ቋንቋው ኖሱ ይባላል። ይህ አጻጻፍ በመንግሥት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

ጥ፦ ታዲያ ምልክቱ «ዉ» ካልሆነ ምንድን ነው?

የድግግሞሽ ምልክት ነው። «ከፊቴ ያለውን ቀለም ድገመው» ይላል። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! እኛ «ይመጣል ወይ?» ስንል «ወይ» እንጨምራለን። በኖሱ ግን ግሡን፣ ረዘም ካለም የመጨረሻ ቀለሙን፣ ደግመው ነው «አዎ» ወይም «አይ» የሚያስብል ጥያቄ የሚጠይቁት። ስለዚህ ምልክቷ ዓረፍተ ነገሩን ጥያቄ የምታደርገው ራሷ ናት። ጃፓንኛና ክመርም (የካምቦዲያ ቋንቋ) የየራሳቸው የድግግሞሽ ምልክት አላቸው።

ጥ፦ ስህተቱ የት ይታያል?

የዩኒኮድን የዪ ፊደል ሰንጠረዥ ክፈቱ። መጀመሪያ አናባቢዎቹ ይመጣሉ፣ መጨረሻቸው «ኤ» የተባለው ነው፣ ቁጥሩ 40980። ቀጥሎ 40981 ላይ የእኛዋ ምልክት። ከዚያ በ«ብ» የሚጀምሩት ይከተላሉ። ልክ እንደ አንድ ተራ ቀለም መሃል ገብታ ተሰልፋለች። የእያንዳንዱ ፊደል ዓይነት በሚጻፍበት የዩኒኮድ ባሕርይ መዝገብ ግን ከጎረቤቶቿ ተለይታ ነው የተመደበችው። እኔ ነገሩን ያስተዋልኩት እዚያ ላይ ነው፤ ስሟ ቀለም ይላል፣ ባሕርይዋ ደግሞ ሌላ።

ጥ፦ ለምን ስሙን አይቀይሩትም?

አይቻልም። ዩኒኮድ አንዴ ያወጣውን ስም አይነካም። ፕሮግራሞች ፊደልን በስሙ ይጠራሉ፤ ስሙ ከተቀየረ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ይሰበራል። ያለው መፍትሔ ማረሚያ ስም መጨመር ነው፣ ለእሷም «የዪ ቀለም ድግግሞሽ ምልክት» የሚል ተሰጥቷታል። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከእትም 3.3 ጀምሮ በማረሚያ ስሙም ያገኛታል። እውነቱን ለመናገር ይህ ሕግ ቢያበሳጭም ልክ ነው እላለሁ።

ጥ፦ ከግዕዝ ጋር ይገናኛል?

አዎ፣ እጅግ! ሁለቱም ዩኒኮድ የገቡት በአንድ እትም ነው፣ በ3.0፣ እ.ኤ.አ. በ1999። አሠራራቸውም ይመሳሰላል። እኛ ለ፣ ሉ፣ ሊ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። የዪም እንዲሁ፦ 819 መሠረታዊ ቀለማት፣ ለድምፅ ከፍታ ከላይ ቅስት የተደረገባቸው 345፣ እና አንዲቷ ምልክት፤ በድምሩ 1165።

ጥ፦ ስልኬ ላይ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየኝ።

ፎንት ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ዪ ወይም ኖሱ ኤስ አይ ኤል ጫን። ዊንዶውስ ላይ ማይክሮሶፍት ዪ ባይቲ አለ።

ጥ፦ የኛ ቋንቋ ፊደል ቢጎድልስ?

ማመልከት ይቻላል። ለጉራጌ አጻጻፍ የሚያስፈልጉ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2021 በእትም 14 ገብተዋል። የታተመ ጽሑፍ ናሙና ሰብስቡ። የስሞቹን ዝርዝር ደግሞ በቋንቋው የሚያስተምሩ ሰዎች አንድ በአንድ፣ ጮክ ብለው ያንብቡት። እትሙ ከመውጣቱ በፊት ከሆነ ስህተት ይታረማል፤ ከወጣ በኋላ ግን ማረሚያ ስም ብቻ ነው የሚቀራችሁ።