መዝገቡ ላይ የሌለችውን እናት ፈልጉ

በኅብረተሰብ ጤና ልትሠሩ ላሰባችሁ ወጣቶች፣

ግብረ ሰናይ ድርጅት ስትገቡ መጀመሪያ የሚያሳዩአችሁ መዝገብ ነው። ይህን ያህል ሰው ታከመ፣ ይህን ያህል ሰለጠነ። እናንተ ግን ስላልመጣው ሰው ጠይቁ። አዲስ ክሊኒክ ሲከፈት ቀድሞ የሚደርሰው ቅርብ ያለው፣ መጓጓዣ የማይቸግረው፣ ማስታወቂያ የሚያነበው ነው። ስለዚህ አገልግሎቱ እየጨመረ፣ በደረሰውና ባልደረሰው ሰው መካከል ያለው ልዩነትም ሊሰፋ ይችላል። አማካዩ ግን ያምራል። ሪፖርት ላይ የሚገባውም እሱ ነው።

ለጀማሪ ሁሉ የማወራው ብራክ ስለሚባለው የባንግላዴሽ ግብረ ሰናይ ድርጅት ነው። ከ1980 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. የድርጅቱ ሴት ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦችን አዳረሱ። የሚያስተምሩት ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚጠጣውን ውሃ ማዘጋጀት ነበር። በሦስት ጣት ቆንጠር የተደረገ ጨው፣ እፍኝ ጥሬ ስኳር፣ የተለካ ውሃ። የምትበጠብጠው እናትየዋ ራሷ ናት። ቆየት ብሎ ሌላ ሰው ይመጣና ከተማሩት ጥቂቶቹን መርጦ ይጠይቃል፤ በጥብጡም ይላል። የአስተማሪዋ ክፍያ የሚወሰነው በዚያ ነው። ስንት ቤት አንኳኳች ሳይሆን እናቶቹ ምን ያዙ ነው ጥያቄው። ስንቱ ድርጅት ደግሞ ለተሰጠ ስልጠና ብቻ ይከፍላል! ባነር፣ አበል፣ ፎቶ፣ አለቀ።

እነሱም ቢሆኑ ወዲያው አልቀናቸውም። እናቶቹ አሠራሩን አውቀውት፣ ልጅ ሲታመም ግን ብዙዎቹ አይጠቀሙበትም ነበር። ሲጣራ ወንዶቹን ያነጋገራቸው የለም። ይባስ ብሎ ከአስተማሪዎቹ መካከል ራሳቸው በነገሩ የማያምኑ ተገኙ። ስለዚህ መጀመሪያ የራሳቸውን ሰዎች አሳመኑ፤ ባሎቹንም ማነጋገር ጀመሩ። «ማኅበረሰቡ ግንዛቤ የለውም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ፕሮፖዛል ላይ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ሁሉም ነገር ደግሞ በማስተማር አይፈታም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚረዳው ኔቪራፒን የተባለ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሰጠው በጥቂት የሙከራ ጣቢያዎች ብቻ ነበር። በ1998 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን የተባለ የኤችአይቪ ሕክምና ተሟጋች ድርጅት መንግሥትን ፍርድ ቤት አቆመ። በ2002 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ፈረደለት። ክስ ማዘጋጀትም የጤና ሥራ ነው፤ ለሕክምና ሰዎች መዋጥ ቢከብደንም።

ሥራ ስትቀጠሩ ሁለት ነገር ጠይቁ። ለጋሹ ሲወጣ ሥራውን ማን ይረከበዋል? ቤት ለቤት የምትዞረዋስ ደመወዝ አላት? ቢሮ የተቀመጥነው ሁላችን ደመወዝተኛ ሆነን፣ ፀሐይ ላይ የምትውለዋ ብቻ «በጎ ፈቃደኛ» የምትባልበት ድርጅት ስለ ፍትሐዊነት ሲሰብክ አልወድም።