ኢንዛይሜ ብዙም አልጨመረም፤ ታዲያ መርፌው ለምን?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 44 ነው። ደም ልለግስ ሄጄ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለብኝ ካወቅሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ምንም አያመኝም። ሰሞኑን ስመረመር ኤስጂኦቲ 62፣ ኤስጂፒቲ 49፣ ፕላትሌት 118 ሺህ ወጣ። ሐኪሙ ከጉበቴ በመርፌ ናሙና መውሰድ ፈለገ። ጎረቤቴ ደግሞ «ጉበት ከተነካ አለቀ» ብሎ አስፈራራኝ። ግድ ነው ወይ? (ከደሴ)

መልስ፦ የጎረቤትዎን ነገር ይተዉት። የናሙና መርፌ ሄፓታይተስን አያባብስም።

ብዙ ሰው ወረቀቱን ሲቀበል ዓይኑ የሚያርፈው ኢንዛይሞቹ፣ ማለትም ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ ላይ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ፕላትሌትዎ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሴል ነው። ኢንዛይም የሚነግረን ጉበቱ አሁን ምን ያህል እየተቆጣ እንደሆነ ነው። ባለፉት ዓመታት የተጠራቀመውን ጠባሳ አይነግረንም። ሲሮሲስ (ጉበቱን ያጠጠረ ከባድ ጠባሳ) ኖሮበት ኢንዛይሙ ደህና የሆነ ሰው ሞልቷል። ጉበት በጠባሳ ሲጠጥር ግን ደም እንደልቡ አያልፍም፤ ወደ ጣፊያ ይመለሳል። ጣፊያ ያብጥና ፕላትሌቱን ይዞ ያስቀራል። ጤናማው ከ150 ሺህ ይጀምራል።

እስኪ ከነዚህ ቁጥሮች የጠባሳውን ግምት እናስላው። ዕድሜዎ በኤስጂኦቲ ሲባዛ 2,728 ነው። የ49 ካሬ ሩት 7 ነው፤ በ118 ሲባዛ 826። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉ 3.3 ይመጣል። ይህ ፊብ-4 ይባላል። ከ1.45 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው፤ ከ3.25 በላይ ሲሆን ያሳስባል። እርስዎ መስመሩን ለጥቂት አልፈዋል። ሰሞኑን ወባ ይዞዎት ከነበረ ግን ፕላትሌቱ በዚያም ይወርዳልና ምርመራው ይደገም። አልቡሚን፣ ቢሊሩቢንና አይኤንአር የሚባሉት የደም ምርመራዎች ይጨመሩበት። ጉበቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን የምናውቀው በእነሱ ነው።

ወደ መርፌው ስንመጣ፣ እኔ ብሆን መጀመሪያ ፋይብሮስካን ይገኝ እንደሆነ እጠይቃለሁ። የጉበትን ጥጥረት ከቆዳ ላይ ሆኖ ይለካል፤ አያምም። ሦስት ሰዓት ያህል ሳይበሉ ይሂዱ፣ ምግብ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ውጤቱ ከደሙ ጋር ከተስማማ ባዮፕሲው (የናሙናው መርፌ) ላያስፈልግ ይችላል። ካልተስማማ፣ ወይም ሌላ የጉበት በሽታ ከተጠረጠረ፣ መርፌው ዋጋ አለው። ከቀኝ ጎድን መካከል ቦታው ይደነዝዛል፣ «ትንፋሽህን ያዝ» ይባላሉ፣ ሰከንድ አይፈጅም። የሚወጣው ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ክር መሳይ ሥጋ ነች፤ የጉበትዎ ሃምሳ ሺህኛ ያህል። ስለዚህ እሷም አንዳንዴ ታሳስታለች። ከዚያ ለጥቂት ሰዓታት ይተኛሉ። ቀኝ ትከሻ ሊያምዎት ይችላል። ዋናው ስጋት መድማት ነው፤ ብዙ አያጋጥምም። አስፒሪን የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ሲሮሲስ ከተገኘ መድኃኒት ይጀምራሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴኖፎቪር ነው። በየስድስት ወሩም አልትራሳውንድ ይነሳሉ። አረቄም ሆነ ጠጅ አይቅመሱ።

አንድ ያልጻፉልኝ ነገር አለ። ባለቤትዎና ልጆችዎ ተመርምረዋል? ካልሆነ በዚህ ሳምንት ይውሰዷቸው፤ ቫይረሱ ለሌለባቸው ክትባት አለ።