ዱቄቱን እዩት፦ ወደ መድኃኒት ሥራ ለገባችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣ አብዛኞቻችሁ ወደዚህ ሙያ የመጣችሁት ሞሌኪውል ወዳችሁ ነው። ደስ ይላል። በወረቀት ላይ የተሳለው መዋቅር ያምራል፣ የትኛው ፕሮቲን ላይ እንደሚሠራ ታውቃላችሁ፣ ዋናው ሥራ ያለቀ ይመስላል። በሽተኛው የሚውጠው ግን ዱቄት ነው። ያ ዱቄት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ አንዱ ውኃ ውስጥ አልሟሟም ይላል፣ አንዱ እርጥበት እየሳበ ይረጥባል፣ አንዱ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ መልኩን ይለውጣል።

በገበያ ላይ ካሉት መድኃኒቶች ግማሽ ያህሉ በጨው መልክ፣ ማለትም ከአሲድ ወይም ከቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ጋር ተጣምረው የተዘጋጁ ናቸው። መድኃኒቱ ቤዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሃይድሮክሎራይድ ይሆናል፣ አሲድ ከሆነ ሶዲየም። በመድኃኒቱና በተጣማሪው መካከል ያለው የፒኬኤ (የአሲድነት ኃይል መለኪያ) ልዩነት ከ3 ከበለጠ ጨው እንደሚሆን ተምራችኋል፣ አልደግመውም።

እኔን የሚያሳስበኝ አመራረጣችሁ ነው። ወጣቱ ኬሚስት የተለያዩ ጨዎች ይሠራል፣ የትኛው የበለጠ እንደሚሟሟ ይለካል፣ ትልቁን ቁጥር ይዞ ወደ አለቃው ይሮጣል። እባካችሁ እንዲህ አትምረጡ። የደም ግፊት መድኃኒቱን አምሎዲፒንን ተመልከቱ። መጀመሪያ የተያዘው የማሌኤት ጨው ነበር። ችግሩ ማሌኤቱ ከራሱ ከመድኃኒቱ ጋር እየተዋሃደ ያልተፈለገ ነገር ይፈጥራል፣ ክኒን ሲመታም ማሽኑ ላይ ይጣበቃል። በመጨረሻ የተመረጠው ቤሲሌት የተባለው ጨው ሆነ። ከተሞከሩት መካከል ከቤሲሌት በጣም የተሻለ የሚሟሟ ጨው ነበር፤ ግን መሟሟቱን፣ አለመበላሸቱን፣ እርጥበት አለመሳቡንና ለማሽን መመቸቱን አንድ ላይ ያሟላው ቤሲሌት ነው። እንዲያውም አንዳንዴ የሚፈለገው አለመሟሟቱ ነው። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በጡንቻ ተወግቶ ለሳምንታት የሚሠራው ጨው ሆኖም በጣም ቀስ ብሎ ስለሚሟሟ ነው።

አንድ ነገር በዓይናችሁ እንድታዩ እፈልጋለሁ። ከደካማ ቤዝ የተሠራ ሃይድሮክሎራይድ ጨው ቆንጥራችሁ መስታወት ላይ አድርጉ፣ ማይክሮስኮፕ ስር አስገቡና አንድ ጠብታ ውኃ ጨምሩበት። ጨው ሆኖ መቆየት የማይችል ዓይነት ከሆነ ጠርዙ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቆይቶ ከውስጡ ቀጫጭን መርፌዎች ይበቅላሉ። ያ መርፌ ከጨውነቱ የወጣው ዋናው ቤዝ ነው፣ የማይሟሟው። ይኸው ነገር በተዘጋ ክኒን ውስጥም ይደርሳል፤ በተለይ እርጥበት ካለና ማሽኑ ላይ እንዳይጣበቅ የምንጨምረው ማግኒዥየም ስቴሬት ካገዘው። የመሟሟት ቁጥሮች ሰንጠረዥ ይህን አያሳያችሁም። ስለዚህ ዱቄቱን እዩት፣ ደጋግማችሁ እዩት።

የክሪስታል ቅርጹ፣ ማለትም ሞሌኪውሎቹ በጠጣሩ ውስጥ የሚደረደሩበት መንገድ፣ ጉዳዩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሪቶናቪርን የማያውቅ ሰው በዚህ ሙያ ውስጥ መኖር የለበትም። የኤችአይቪ መድኃኒት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ገበያ ላይ ዋለ። ሲለማ የታወቀው አንድ የክሪስታል ቅርጽ ብቻ ነበር። በ1998 ካፕሱሎቹ የመሟሟት ፈተና መውደቅ ጀመሩ። ሲመረመር ያው ሞሌኪውል ነው፣ አንድም አተም አልተቀየረም፤ ግን አደራደሩ ሌላ የሆነ፣ የበለጠ የተረጋጋና በጣም ያነሰ የሚሟሟ ሁለተኛ ቅርጽ መጥቷል። አንዴ ከመጣ በኋላ ዘሩ፣ ማለትም የአዲሱ ቅርጽ ብናኝ፣ በየላቦራቶሪው ተሰራጨና የድሮውን መሥራት አስቸጋሪ ሆነ፣ እንደ እርሾ ነው፣ ትንሿ ሁሉን ትለውጣለች። ካፕሱሉ ከገበያ ወጣ። ሕይወታቸው በዚህ መድኃኒት ላይ የተንጠለጠለ ሰዎች መራራውን ፈሳሽ ለመጠጣት ተገደዱ። ቀጥሎ የመጣው ለስላሳ ካፕሱል ፍሪጅ የሚፈልግ ነበር፤ ፍሪጅ የማያስፈልገው ክኒን፣ ከሌላው የኤችአይቪ መድኃኒት ከሎፒናቪር ጋር ተጣምሮ፣ የመጣው በ2005 ነው። ይህን ታሪክ ሳስብ አሁንም ያመኛል፣ ምክንያቱም በሌላኛው ጫፍ መድኃኒቱን የሚጠብቅ ሰው አለ።

የካርባማዜፒንም ነገር እንዲሁ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ይህ ክኒን እርጥበት ከገባው ይጠነክራል፣ ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን በአንድ ሦስተኛና ከዚያም በላይ ሊቀንስ ይችላል። በሽተኛው በየቀኑ እየዋጠ፣ አንድም ቀን ሳያሳልፍ፣ ሕመሙ ሊነሳበት ይችላል ማለት ነው።

እና ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። ከሁሉ በፊት የተረጋጋውን ቅርጽ ፈልጉ። ቀላሉ መንገድ ዱቄቱን ሙሉ በሙሉ ሊያሟሟው በማይችል ፈሳሽ ውስጥ አድርጎ ለቀናት እንዲማሰል መተው ነው። ያልተረጋጋው እየሟሟ የተረጋጋው ያድጋል። በውኃ ሞክሩት፣ በአልኮል ሞክሩት፣ ፋብሪካው በሚጠቀምበት ፈሳሽ ሁሉ ሞክሩት። ከዚያ በ40 ዲግሪ ሙቀትና በ75 በመቶ እርጥበት አብረውት ከሚቀመሙት ነገሮች ጋር ቀላቅላችሁ አስቀምጡት፣ በየጊዜው እያወጣችሁ ኤክስሬይ አንሱት። አለቃ ጊዜ የለም ካለ የሪቶናቪርን ታሪክ ንገሩት።

ደግሞም ከሌሎቹ የተለየ ናሙና ሲገጥማችሁ አትጣሉት። ቀለሙ ትንሽ የተለየ፣ የሚቀልጥበት ሙቀት በጥቂት ዲግሪ የዘለለ፣ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ብቻ የተጋገረ። አንዳንዱ እውነትም ቆሻሻ ነው። አንዳንዱ ግን ከጊዜ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ ሊመጣ ያለው ቅርጽ ነው፣ ቀድሞ እናንተ ጋ የመጣ። ቀኑን፣ ፈሳሹን፣ ያቀዘቀዛችሁበትን ፍጥነት ጻፉ፣ ስም ለጥፉበትና ለብቻው አስቀምጡት። ሪፖርት ስትጽፉም ያልተሳካውን ናሙና ከተሳካው ጋር አብራችሁ አስገቡት፣ ቀጣዩ ሰው የሚፈልገው እሱን ሊሆን ይችላል።