በባዮሎጂ ተመርቄ አርኪኦሎጂ ይሆንልኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በባዮሎጂ ዲግሪ አለኝ። ማስተርሴን በአካባቢ አርኪኦሎጂ መማር እፈልጋለሁ። ቤተሰብ ግን «ገል ልትለቅሚ ነው የተማርሽው?» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ባዮሎጂሽ ጥሩ ስንቅ ነው። የአካባቢ አርኪኦሎጂ የጥንት ሰዎች ምን ይዘሩ፣ ምን ያርዱ፣ ምን ያነዱ እንደነበር፣ አየሩስ እንዴት እንደተለዋወጠ የሚጠይቅ ሲሆን ማስረጃው የከሰለ ዘር፣ አጥንት፣ የአበባ ብናኝና አፈሩ ራሱ ነው። ከጥንት ምድጃ የወጣ አፈር በርሜል ውሃ ውስጥ ይገባል። አፈሩ ይዘቅጣል፣ ከሰሉ ይንሳፈፋል። በደቃቅ ወንፊት ይለቀማል። ከደረቀ በኋላ በማይክሮስኮፕ ስታዪው ያ ጥቁር ነጥብ የማሽላ ፍሬ ሆኖ ቁጭ ይላል!

ደግሞ እኮ የምትኖሪው ድሬ ነው። ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ቀይ የቀለም ድንጋይ የተገኘበት ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከከተማው አጠገብ ነው። ጥንታዊቷ የሐርላ ከተማም ቅርብሽ ናት፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ በቁፋሮ የወጣባት።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርኪኦሎጂን በድኅረ ምረቃ ያስተምራል። ከማመልከትሽ በፊት የትምህርት ክፍሉን ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ከባዮሎጂ የመጣ ተማሪ ተጨማሪ ኮርስ ይወስዳል ወይ? ለማነጻጸሪያ የሚሆን የዘርና የአጥንት ስብስብስ አላችሁ? ሁለተኛው በጣም ወሳኝ ነው፤ ማነጻጸሪያ ከሌለሽ ያገኘሽውን ዘር አትለይውም።

እስከዚያው የራስሽን ማነጻጸሪያ ጀምሪ፦ ቀፊራ ገበያ ውጪና የማሽላ ዓይነቶችን ጥቂት ጥቂት ግዢ። የተወሰነውን በፎይል ጠቅልለሽ አክስዪው። ከጥሬው ጎን አስቀምጪና ስሙንና የገዛሽበትን ቀን ጻፊበት።