ዲስፕሌዩ 1.14፣ ቴስተሩ 1.00 ሲል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄውን ላላዩት ባጭሩ ላስቀምጠው። ደብረ ብርሃን ተሠርቶ ሸዋ ሮቢት ላለ ሞባይል ጥገና ቤት የሚሄድ፣ ከ0 እስከ 30 ቮልትና እስከ 3 አምፔር የሚሰጥ ዲጂታል ፓወር ሰፕላይ ነው። ኔጌቲቩ መስመር ላይ የ0.1 ኦም ሻንት (ከረንት የሚለካበት ትንሽ ሬዚስተር) አለ፤ ቀጥሎ በ15 ኪሎ ኦምና በ1 ኪሎ ኦም 16 ጊዜ የሚያጎላ ኤልኤም358 የተባለ ኦፕ-አምፕ (ማጉያ ቺፕ)፣ ከዚያ ቁጥሩን አንብቦ የሚያሳየው አርዱይኖ ናኖ ቦርድ። 5 ቮልቱ ከ7805 ሬጉሌተር ይመጣል፤ ለ7805 የሚያቀርበው ባለ 9 ቮልት ትራንስፎርመርና 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነው። ምንም ሳይሰካበት ዲስፕሌዩ 0.04 አምፔር ያሳያል። ቴስተሩ 1.00 ሲል እሱ 1.14 ይላል። ከ2 አምፔር ወዲያ 2.19 ላይ ቆሞ አይነቃነቅም። ማታ መብራት ሲወርድ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል። «ኮዱ ላይ በስንት ላባዛው?» ብለሃል።

እባክህ ገና በምንም አታባዛው። እነዚህ አራት ምልክቶች ከአራት የተለያየ ቦታ የሚመጡ ናቸው። በአንድ ማባዣ ከሸፈንካቸው 1 አምፔር ላይ ይስተካከልልህና ሌላው ሁሉ ይበላሻል። ሸዋ ሮቢት ያለው ጠጋኝ ደግሞ ያን ቁጥር አምኖ ነው የሰው ስልክ ላይ ኃይል የሚለቀው።

ከሁሉ በፊት ቴስተሩን አጣራ። እነዚያ ቢጫ ቴስተሮች ባለ 9 ቮልት ባትሪያቸው ሲደክም ከእውነተኛው በላይ ያነባሉ። አዲስ ባትሪ አስገባ። በ10 አምፔሩ ቀዳዳ ስትለካም ከ10 ሰከንድ በላይ አታቆየው። ለሎድ (ከረንት ለሚስበው መሞከሪያ) ውድ ነገር አያስፈልግህም፤ የባጃጅ የፍሬን አምፖል፣ ባለ 12 ቮልት 21/5 ዋት የሚለው፣ በቂ ነው። ትንሹ ክር 0.4 አምፔር ገደማ፣ ትልቁ 1.75፣ ሁለቱ አንድ ላይ 2.2 አካባቢ ይስባሉ። ቮልቱን ከፍ ዝቅ እያደረግህ መካከለኛዎቹን ነጥቦች ታገኛለህ። ክሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ እስኪረጋ ጠብቅና አንብብ።

አሁን 1 አምፔር አሳልፍና ቴስተሩን 200 ሚሊቮልት ላይ አድርገህ ሁለት ቦታ ለካ። አንዱ የሻንቱ ሁለት እግሮች ላይ፣ ከገላው ሥር ነው። ሌላው ኦፕ-አምፑ በሚያነብባቸው ነጥቦች መካከል ነው፦ ፖዘቲቭ ኢንፑቱና የ1 ኪሎ ኦሙ የግራውንድ እግር። የመጀመሪያው 100 ሚሊቮልት፣ ሁለተኛው 110 ካሳየህ ሻንቱ ደህና ነው፤ 10 ሚሊ ኦም የጨመረብህ የቦርዱ መዳብ ነው። ብዙ አይምሰልህ። ተራው ባለ 35 ማይክሮን መዳብ፣ ርዝመቱና ወርዱ እኩል በሆነ በእያንዳንዱ ካሬ 0.5 ሚሊ ኦም ገደማ አለው። 2 ሚሊሜትር ወርድና 40 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው መስመር 20 ካሬ ነው፤ ያውልህ 10 ሚሊ ኦም። የ1.14ህ ትልቁ ድርሻ ይኸው ነው፤ 1.10 ከዚህ፣ 0.04 ከኦፍሴቱ፣ ማለትም ባዶውን ከሚያሳየው ስህተት።

«ታዲያ በ1.1 ባካፍለውስ?» እንዳትል፣ መዳብ በየዲግሪው 0.39 በመቶ ይጨምራል። ሳጥኑ ውስጥ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ከፍ ሲል ያ 10 ሚሊ ኦም 11.2 ይሆናል፣ ንባብህም 1 በመቶ ያህል ይሸሻል። በደብረ ብርሃን ብርድ ያስተካከልከው ዕቃ ጣርማ በርን ወርዶ ቆላ ሲገባ ሌላ ቁጥር የሚናገረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ነው። ከሻንቱ ሁለት እግሮች ሥር በቀጥታ ሶልደር አድርገህ አንዱን ወደ ፖዘቲቭ ኢንፑቱ፣ ሌላውን ወደ 1 ኪሎ ኦሙ የታች እግር ውሰድ። የ1 ኪሎ ኦሙን እግር ከቅርቡ ግራውንድ ላይ መጣል የተለመደ ስህተት ነው፤ ሰው ፖዘቲቩን ብቻ አስተካክሎ ግማሹን ጥፋት እዚያው ይተወዋል። የናኖው ግራውንድም እዚያው የሻንቱ የታች እግር ላይ ይታሰር።

ወደ 0.04 እንምጣ። ኢንፑቱ ላይ 4 ሚሊቮልት ማለት ነው። የኤልኤም358 ኦፍሴት በመረጃ ወረቀቱ እስከ 7 ሚሊቮልት ስለሚፈቀድ ቺፑ ሳይበላሽም ሊያመጣው ይችላል። ግን የሌላ ነገር ከረንትም በሻንቱ እያለፈ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ፖዘቲቭ ኢንፑቱን ከሻንቱ ነቅለህ ከ1 ኪሎ ኦሙ የታች እግር ጋር አገናኘው። 0.04 እዚያው ከቀረ የቺፑ ነው፤ ኮዱ ላይ ትቀንሰዋለህ። ከጠፋ ግን 40 ሚሊአምፔር ገደማ የሆነ ነገር፣ ብዙ ጊዜ የዲስፕሌዩ የጀርባ መብራት ወይም ፋኑ፣ ወደ ምንጩ የሚመለሰው በሻንቱ በኩል ነው። የጀርባ መብራቱን አጥፍተህ ቁጥሩ ሲወርድ ካየህ ተገኘ። የ7805ን ኔጌቲቭ ከናኖው ጋር በአንድ የሻንት ጎን አድርገው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ኦፍሴቱ ወደ ኔጌቲቭ ያጋደለ ቺፕ ከገጠመህ ዲስፕሌዩ 0.00 ይላል፣ አንተም ጤነኛ መስሎህ ታልፈዋለህ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን 40 ሚሊአምፔር ጭራሽ አያያቸውም። ሞባይል ጠጋኝ ደግሞ ሳይበራ ከረንት የሚያፈስ ስልክ የሚፈልገው እዚያው ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ማስተካከያ ስትሠራ ባዶውን ነጥብ አትመን፤ 0.2 እና 2.0 አምፔር ላይ ለክተህ መስመሩን ከሁለቱ አውጣ።

2.19 ላይ መቆሙ ቀላሉ ነው። ኤልኤም358 በ5 ቮልት ሲሠራ ውጤቱ ከ3.5 ቮልት ገደማ በላይ አይወጣም፤ የላይኛውን 1.5 ቮልት ለራሱ ይፈልገዋል። 1 አምፔር በ0.1 ኦምና በ16 ሲባዛ 1.6 ቮልት ስለሚሆን፣ 3.5ን በ1.6 ብታካፍል 2.19 ይሰጥሃል። ያንተ 3 አምፔር 4.8 ቮልት ይጠይቃል፤ ከየት ይምጣ?

የማታው ጭማሪ ደግሞ ከማጣቀሻ ቮልቴጁ ነው። ናኖው የሚያነበውን የሚያወዳድረው ከራሱ 5 ቮልት ጋር ነው፤ ያ 4.6 ሲሆን ንባቡ ወደ 9 በመቶ ይዘላል። መብራቱ ወደ 170 ቮልት ሲወርድ ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚቀይረው ሬክቲፋየር በኋላ 8.4 ቮልት ያህል ብቻ ይቀርሃል። 150 ሚሊአምፔር ስትስብ 470 ማይክሮፋራዱ በየሞገዱ መካከል 3 ቮልት ያህል ይወርዳል። 7805 ከበላዩ 2 ቮልት ትርፍ ስለሚፈልግ 7 ቮልት የግድ ነው፤ አንተ 5.2 ላይ ደርሰሃል። ካፓሲተሩን በ2200 ማይክሮፋራድ ተካው፤ መውረዱ ወደ 0.7 ቮልት ዝቅ ይላል።

ያም ሆኖ 7805ን ማጣቀሻ ማድረግ አልወድም። ቲኤል431 የተባለውን የማጣቀሻ ቮልቴጅ ቺፕ ፈልግ፤ በሞተ የኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ ወይም ቻርጀር ውስጥ ከኦፕቶካፕለሩ አጠገብ ሦስት እግር ያለው ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር መላክ አያስፈልግህም። ሪፈረንስና ካቶድ እግሮቹን አንድ ላይ አስረህ በ1 ኪሎ ኦም ከ5 ቮልቱ ጋር አገናኝ፣ አኖዱን ግራውንድ አድርግ፤ 2.5 ቮልት ይሰጥሃል፤ እሱን ወደ ናኖው ኤአርኢኤፍ (የማጣቀሻ ቮልቴጅ እግር) አስገባ። ናኖው እዚያ እግር ላይ 100 ናኖፋራድ አለው፤ ቲኤል431 በዚህ መጠን ሊዋልል ስለሚችል 10 ማይክሮፋራድ ጨምርበት። ኮዱ ውስጥ የውጭ ማጣቀሻ የሚለውን ትእዛዝ ከመጀመሪያው አናሎግ ንባብ በፊት አስቀምጥ፤ ካልሆነ የውስጡ 5 ቮልትና የውጭው 2.5 ይጋጫሉ፣ ቺፑንም ልታጣው ትችላለህ።

ከዚያ 15 ኪሎ ኦሙን በ6.8 ኪሎ ኦም ቀይር። ጌይኑ (የማጉያው እጥፍ) 7.8 ይሆናል፣ 3 አምፔር 2.34 ቮልት ይሰጣል፤ ከ2.5ም፣ ከኤልኤም358 ጣሪያም በታች ነው። የኤዲሲውን ቁጥር (ናኖው ቮልቱን ወደ አሃዝ ቀይሮ የሚሰጥህን) በ2.5 አባዝተህ ለ1024 ከዚያም ለ0.78 አካፍል። አንዱ እርከን 3 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል፤ በፊት በነበረህ 5 ቮልትና ጌይን 16 ከነበረው ጋር እኩል ነው፣ ምንም አላጣህም። የመጨረሻው አሃዝ ከተንቀጠቀጠ በ100 ሚሊሰከንድ ውስጥ የወሰድካቸውን ንባቦች አማካይ አውጣ፤ የ50 ኸርዝ 5 ሙሉ ዙር ስለሆነ የመብራቱ ሞገድ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ሻንቱ ነጩ ባለ 5 ዋት ሲሚንቶ ከሆነ የ5 በመቶ ልዩነት አለው፣ 3 አምፔር ላይም በ0.9 ዋት ይግላል። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀት ቶሎ አይወጣለትም። አሥር ባለ 1 ኦም፣ 1 በመቶ፣ ሩብ ዋት ሜታል ፊልም ሬዚስተር ጎን ለጎን እሰር፤ ያው 0.1 ኦም ነው፣ እያንዳንዱም 0.09 ዋት ብቻ ይሸከማል። ሁለቱን ቀጫጭን ሽቦዎች ከረድፉ መሐል አውጣ እንጂ ከጫፉ አይሁን። ቦርዱን ከመንካትህ በፊት ገመዱን ነቅለህ ትልቁን ካፓሲተር በ100 ኦም ሬዚስተር አራግፈው። ሁለቱን የሚሊቮልት ልኬቶችና የኢንፑቱን ሙከራ ውጤት እዚሁ ጻፍልን፤ ቀሪውን ከእነሱ ተነስተን እናያለን።