ፕራዶዬን ከፍ ሳላስደርግ ትልቅ ጎማ ልግጠምላት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ2005 ሞዴል ፕራዶ አለችኝ። ጎማዋ 265/65፣ ቸርኬዋ 17 ነው። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ በአቀስታ በኩል ከአስፋልት የራቁ ቀበሌዎች ድረስ እየዘለቅሁ እህል እጭንባታለሁ። ኮረኮንቹ ላይ ሆዷ እየነካ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ ደግሞ 285/70 አስገጥሞ መኪናው ሌላ መኪና መስላለች። «ፓራፋንጎውን ትንሽ ማስቆረጥ ብቻ ነው፣ ከፍ ማስደረግ አያስፈልግም» ይለኛል። እኔም ሞላና ሾክ ቀይሬ ከፍ ላስደርጋት አቅሙ የለኝም፤ ያለችኝን ብር ጎማው ላይ ላውላት ብዬ ነው። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብሩ ከኪስህ ሳይወጣ መጠየቅህ ደግ አደረግህ። 285ቱን እርሳው። 265/70 ግን ከፍ ሳታስደርጋት ይገባልሃል። ከሁለቱም በፊት ማየት ያለብህ ሌላ ጉድ አለ፤ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን እናንብብ። 265 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 172 ሚሊ ይመጣል። ጎን ከላይም ከታችም ስላለ እጥፍ አድርገውና የ17 ኢንች ቸርኬህን 432 ሚሊ ደምርበት። ያንተ ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 776 ሚሊ ነው። በዚሁ ስሌት 265/70 803 ይሆናል፣ የወዳጅህ 285/70 ደግሞ 831።

ወዳጅህ እንግዲህ 55 ሚሊ ጨመርኩ ብሎ ይኩራራል፤ መኪናው ከመሬት የራቀችው ግን በግማሹ ነው። ጎማ መኪና የሚያነሳው ከመሃሉ ወደ ታች ባለው ቁመት ብቻ ነዋ። የቀረው 27 ሚሊ ወደ ላይ ወጥቶ ፓራፋንጎ ውስጥ ተወሽቋል። አንተ 265/70 ብትገጥም የምታገኘው 13 ሚሊ ነው፤ የትንሿ ጣትህ ውፍረት። የአቀስታ ድንጋይ ደግሞ ለትንሽ ጣት ብሎ ዝቅ አይልልህም።

እኔ ይህን ሰው ነግሮኝ አይደለም ያወቅሁት። የዛሬ 14 ዓመት ግድም እንዳንተው ዓይነት ፕራዶ ላይ 285 ገጠምኩ። ጎሚስታውም፣ መካኒኩም፣ ባለመኪናውም እኔው ስለነበርኩ የምወቅሰው ሰው እንኳ የለኝም። ደጄ ላይ አቁሜያት መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞርኩት። ምንም አልነካም። አበቃ አልኩ። በሳምንቱ አራት ሰውና ሁለት ኩንታል ድንች ጭኜ ከደሴ ሐረጎን ስወርድ፣ አንዱ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ይዤ ወደ ቀኝ ሳዞር የቀኙ ጎማ ጉድጓድ መታ። ግርርር የሚል ድምፅ፣ ወዲያው የተቃጠለ ጎማ ሽታ። ዳር ይዤ ወረድኩና እጄን ከጎማው ኋላ አስገባሁ። የጎማው ትከሻ ላይ፣ ማለትም ጥርሱና ጎኑ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ፣ ሁለት ጣት የሚያክል መስመር ተልጦ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። የነካው ብረት ቀለሙ ተፍቆ ነጭ ላሜራ ወጥቷል። ከኋላ የተቀመጡት እናቴ «ምን ሆነች?» ሲሉኝ «ትንሽ ደክሟት ነው» አልኳቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባዶ መኪና ቆማ ሳለች ሞላዋ ዘና ብሎ ነው ያለው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ሞላው ይጨመቃል፣ ጎማው ወደ ላይ ይገባል። መሪው ዞሮ ከሆነ ደግሞ ወደምትታጠፍበት በኩል ያለው ጎማ የኋላ ጫፉ ወደ ውስጥ ይመጣል። የሚያገኘውም ፓራፋንጎውን አይደለም። ከፊት ጎማ ጀርባ፣ በሩ ግድም፣ ቦዲው ሻንሲው ላይ የተቀመጠበት የብረት እግር አለ፤ እሱን ነው የሚያገኘው። ወዳጅህ «ትንሽ ማስቆረጥ» የሚልህ እሱን ከሆነ፣ ለጫማዋ ብለህ እግሯን ልትቆርጣት ነው።

265/70 ላይ ግን፣ የሚነካ ነገር ቢኖር፣ ከፊት ጎማው ኋላ ያለችው የጭቃ ላስቲክና የውስጥ ፕላስቲኩ ጠርዝ ናቸው። ላስቲኳን ትከረክማታለህ፣ ፕላስቲኩን ወደ ኋላ ስበህ ታጠብቀዋለህ፤ አለቀ።

ሳትገዛ መሞከርም ትችላለህ። ያንን ልክ ከገጠመ ሰው አንድ ጎማ ከነቸርኬው ተዋስ። ፊት ላይ ግጠመውና ሁለቱንም ትከሻውን በጠመኔ አጥግበህ ቀባው። ያንኑ ጎማ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ ጣውላ ላይ አውጣው፣ መኪናዋ ውስጥ ሰው ሙላባት። አሁን ቀስ እያልክ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙር። ከዚያ አውርዳትና ሜዳ ላይ መሪውን ጨርሰህ አዙረህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ንዳት። ሞተሩን አጥፍተህ፣ የእጅ ፍሬን ይዘህ በባትሪ እይ። ነጭ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ጎማው የነካው ቦታ ነው። ፕላስቲክ ላይ ካረፈ ቢላ ያዝ፤ ብረት ላይ ካረፈ ጎማውን ለባለቤቱ መልስ።

በስፔሰር፣ ከቸርኬው ኋላ በሚገባ ወፍራም የብረት ቀለበት፣ ጎማውን ወደ ውጭ አውጥተው «እነሆ አልነካም» የሚሉ አሉ። ከውስጥ ሲርቅ ከውጭ ይነካል፤ ሲዞር የሚጠርገው ክብ ሰፍቶ ፓራውልቱን ያገኛል። ኩሽኔታውም ያላሰበውን ሸክም ይሸከማል። አልወደውም።

የማርሹን ነገር ደግሞ ሰው ይረሳዋል። 831 ከ776 በ7 በመቶ ይበልጣል፤ ጎማው በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት ስለሚጨምር ማርሹ ሁሉ በዚያው ልክ ይረዝማል። ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ ማርሽ አርዝመህ ዳገት መውጣት ነው። መውረዱ ይብሳል። ከደሴ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው የምትወርደው፤ ማርሽ ቀንሰህ በሞተር ስትይዛት እንደ ድሮው አትይዝልህም፣ የተረፈውን ፍሬን ሸራው ይከፍላል። ቆጣሪውም ይዋሻል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነድተህ 374 ይልሃል፤ በ107 እየበረርክ «100 ነህ» ይልሃል። በ265/70 ልዩነቱ 3 በመቶ ከምናምን ነው፤ ያው 400 ኪሎ ሜትር 387 ይሆናል። ናፍጣ በላችብኝ እያሉ የሚመጡ አሉ፤ ስናሰላው የበላባቸው ቆጣሪው ሆኖ እናገኘዋለን።

አሁን ያ ጉድ። መኪናህ 20 ዓመት አልፏታል፣ እህል ትሸከማለች፣ ሆዷ ይነካል። እኔ የምጠረጥረው ጎማህን ሳይሆን ሞላህን ነው። ሜዳ ቦታ ላይ ባዶዋን አቁማትና ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካ፣ አራቱንም። ጭነት የማታውቅ እንዳንተው ዓይነት ፕራዶ ፈልገህ እሷንም ለካ። ያንተዋ 3 ሳንቲ ሜትር ወርዳ ብታገኛት አትደነቅ። 3 ሳንቲ ሜትር የወደቀችን መኪና 13 ሚሊ በሚያነሳ ጎማ የት ታደርሳታለህ? እንዲያውም ሞላዋ ስለተኛ አዲሱ ጎማ ቶሎ ይነካል። በፋብሪካው ልክ የተሠራ ሞላ መቀየር ከፍ ማስደረግ አይባልም፤ የነበራትን መመለስ ነው። ብሩ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ ለሞላው አውለው።

ወደ ጎማው ከሄድክ አምስት ግዛ፣ ስኮርቱ አብሮ ይቀየር። ፕራዶ ሁልጊዜ በአራቱም የምትነዳ ናት፤ አንዱ ጎማ ካነሰ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የመሃል ዲፈረንሻል እረፍት አያገኝም። ጎማው ላይ 112 የሚል ቁጥር ካየህ አንዱ ጎማ 1120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ አሁን ካለህ ያነሰ ቁጥር አትግዛ። የተመረተበትንም እይ፤ 2319 የሚል አራት አኃዝ ካለ በፈረንጆች 2019፣ 23ኛው ሳምንት ነው። መጋዘን ውስጥ ዓመት የቆጠረ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አዲስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ነኝ። ራቭፎሬ ፎርዊል ናት፣ ጎማዋ 225/65 ባለ 17። የፊቶቹ ሁለቱ ላሽ ሆነዋል። 235/65 ሁለት ብቻ ገዝቼ ፊት ላይ ባደርግ ከፍ አትልልኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ አፍንጫዋ በ6 ሚሊ ትነሳ ይሆናል። ግን የፊቱ ጎማ ከኋላው ስለሚተልቅ አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚዞረው ያነሰ ነው፤ መኪናዋ ደግሞ «የኋላው እየተንሸራተተ ነው» ብላ ታስባለች። ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ክፍል ሳያርፍ እየሠራ ይግላል፤ የሱ ጥገና ከአራት ጎማ ይበልጣል። አራቱንም በአንድ ልክ ቀይሪ። ብሩ ለሁለት ብቻ ከሆነና የኋላዎቹ ጥርስ ገና ብዙ ከቀረው፣ ያንኑ 225 ግዢና አዲሶቹን ኋላ አስደርጊ፣ የኋላዎቹን ወደ ፊት አምጪ። ሐረጎ ላይ ዝናብ ይዞሽ የፊቱ ቢንሸራተት ፍጥነት ቀንሰሽ ትመልሺዋለሽ፤ የኋላው ከሄደ ግን መሪው የሚረዳሽ ነገር የለም።